ባዶ ነው ያልኩት ድምፅ

መጋቢት 4 ቀን 2002፣ ቅዳሜ

የገበያ ቀን ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ አላልኩም። ፎቶ ኮፒው ሁለት ጊዜ ወረቀት ነከሰ። የመሬት ማመልከቻ አራት፣ የሥራ መጠየቂያ ሁለት፣ ለእጮኛ የሚላክ ደብዳቤ አንድ። ልጁ እየተሽኮረመመ ሲያስጽፈኝ ሳቄን በሳል ሸፈንኩት።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ሸክላ የተሸከመችበትን ገመድ ትከሻዋ ላይ ጣል እንዳደረገች ገባች። አስካል ዳርጌ ትባላለች፤ ከገዘር በላይ ካለ ቀበሌ ነው የመጣችው። ከጉያዋ በሻሽ የተጠቀለለ ሲዲ አወጣችና በሁለት እጇ አቀበለችኝ።

«እትዬ፣ እዚህ ውስጥ አባቴ አለ» አለች።

ነገሩን ቆማ ነው ያጫወተችኝ፤ ወንበር ብሰጣት እምቢ አለች። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የሸክላ ሠሪ ልጅ አገባች። አባቷ አቶ ዳርጌ በአካባቢው የሚሰማ ሰው ነበር፣ ገበሬም ንብ አናቢም። በእነሱ ዘንድ ደግሞ ገበሬና ሸክላ ሠሪ አይጋባም። «ቃሌን ራሴ እስካላነሳ ድረስ በደጄ እንዳታልፊ» አላትና አምና ሞተ። አባት የዘጋውን በር ወንድም አይከፍተውም፤ ልማዳቸው ነው። ወንድሟ ቦሼ «ሳያነሳ ነው የሞተው» ይላል።

ግን ከመሞቱ በፊት አንዲት ፈረንጅ ተመራማሪ ስለ እንሰትና ስለ ማር ልትጠይቀው መጥታ ድምፁንም ምስሉንም ቀድታ ነበር። ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ሲዲውን ላከችለት፤ ሲደርስ እሱ የለም። አስተርጓሚው ለአስካል ሰጣት። «አባትሽ ስምሽን ጠርቶ ቃሉን አንስቷል፣ ማይኩን የያዝኩት እኔ ነኝ» ብሏታል። የሱ ምስክርነት ግን አልበቃም። ቦሼ «የፈረንጅ ደሞዝተኛ ምን የማይለው አለ» ብሎ ዘጋው። ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በፊት ሊቀመጡ ነው፤ የአባቷን ድምፅ ራሳቸው ካልሰሙ አይቀበሉም።

«መሬት ነው የምትፈልጊው?» አልኳት።

«እናቴ እዚያ ግቢ ታማ ተኝታለች። ዓመት አለፋት። የወንድሜ ሚስት ነች የምታጥባት። እኔ ነኝ ማጠብ ያለብኝ።»

ሲዲውን ከተትኩት። ሁለት ፋይል ነው ያለው። አንዱን ስከፍት ማጫወቻው በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ጽፎ ቆመ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሰው ተሰልፎ ነበር። «በሚቀጥለው ቅዳሜ አስተካክዬ እጠብቅሻለሁ» አልኳት። ጎንበስ ብላ አመሰገነችኝ። ምንም ሳልሠራላት።

መጋቢት 6፣ ሰኞ

ፋይሎቹን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኳቸው። የስማቸው መጨረሻ እኔ ከማውቀው ውጪ ነው። የድምፁ ኦጂጂ ይላል፣ የምስሉ ኦጂቪ። በስምንት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ አልገጠመኝም። መጨረሻውን አጥፍቼ ኤምፒ ስሪ ብዬ ጻፍኩበት። ኮምፒውተሩ «ስሙን ከቀየርሽ ፋይሉ ላይሠራ ይችላል» ብሎ ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩት። ያው ነው፣ ዘግቶ ቆመ። ስም ቢቀይሩለት ጠባዩ መች ይቀየራል።

መጠኑን አየሁት። አንዱ ስልሳ ሁለት ሜጋ፣ ሌላው ሃያ ስምንት። ባዶ ነገር እንዲህ አይከብድም። ግን ቫይረስም ይከብዳል ይባላል።

ፊት ለፊቴ ያ አብኔር አለ፤ ጥር ላይ ኮምፒውተር ቤት የከፈተው ልጅ። ከአርባ ምንጭ ኮምፒውተር ተምሮ መጣ፣ ሰው ሁሉ «አብኔር ዘንድ ውሰደው» ሆነ። ባለፈው ለአንድ ደንበኛ ምን ሲል ሰማሁት፦ «እትዬ ወሰንየለሽ ጎበዝ ናቸው፣ ግን የታይፕ ዘመን ሰው ናቸው።» ጎበዝ ናቸው ማለቱ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። ይህች ከተማ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በዓይኗ ያየችው በኔ ቤት ነው። የወረዳው ጸሐፊ እያለሁ በታይፕ የመታሁት ደብዳቤ ስሕተት የለውም ይባል ነበር።

እጠይቀው ይሆን? ነገ አስብበታለሁ።

መጋቢት 9፣ ሐሙስ

መብራት የለም። ትናንትም አልነበረም። የምርጫ ሥልጠና ወረቀት ሁለት ሺህ ቅጂ ታዟል። የሲዲውን ነገር አልነካሁትም።

አብኔር መንገድ ላይ ሰላም አለኝ። እኔም ሰላም አልኩት። ጥያቄው ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

መጋቢት 11፣ ቅዳሜ

አስካል ብቻዋን አልመጣችም። ወንድሟ ቦሼና አንድ ሽማግሌ አብረዋት አሉ። ቦሼ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ። ክፉ ሰው ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ደክሞት የመጣ ሰው ነው የመሰለኝ። ሽማግሌው ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ።

ቤቱ ሞልቷል። ሁሉም ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል። ሲዲውን ከተትኩ፤ ከፈትኩ፤ ማጫወቻው ያንኑ ጽፎ ቆመ። ደግሜ ከፈትኩ። አስካል ስክሪኑን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

ሽማግሌው ጠየቁ፦ «ምን ይላል?»

እዚህ ላይ አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው፤ አልችልም፣ አላውቅም። ከመንገዱ ማዶ አብኔር በሩ ላይ ቆሞ ወደኛ ያያል። «ምንም የለበትም፤ ባዶ ነው» አልኩ።

አስካል «ባዶ?» አለች።

«አንዳንዴ ሲቀዱ ሳይቀዳ ይቀራል» አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ።

ቦሼ በቋንቋቸው በአሪኛ አንድ ነገር ተናገረ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደኔ ዞሩ። «እንግዲያው ወረቀት ይስጡን። እዚያ ያሉት ሽማግሌዎች ‹ማን አለ?› ይሉናል። ማህተም ያለበት ይሁን።»

ጻፍኩ። «በቀን 11/7/2002 ለድርጅታችን የቀረበው ሲዲ ተመርምሮ ምንም ዓይነት ድምፅም ሆነ ምስል የሌለበት ባዶ መሆኑን እናረጋግጣለን።» ተመርምሮ ብዬ ነው የጻፍኩት። ፈረምኩበት፣ ክቡን ማህተም አሳረፍኩበት። ጥርት ብሎ ወጣ፣ ሐምራዊ። ቦሼ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበትና አጥፎ በላስቲክ ውስጥ አድርጎ ኮቱ ኪስ ከተተው።

አስካል ሲዲዋን በሻሹ መልሳ ጠቀለለችው። ስትወጣ «እትዬ፣ ስለደከምሽ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

መጋቢት 13፣ ሰኞ

ምን ላደርግ ነበር? ባዶ ባይሆንስ በኔ ቤት ካልተከፈተ ለነሱ ያው ባዶ ነው። ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ያየሁትን ሁሉ አይደለም።

መጋቢት 29፣ ረቡዕ

ፋሲካ አለፈ። ልጄ ሰምሃል ከሐዋሳ ደውላ «እማዬ ድምፅሽ ደክሟል» አለችኝ። ጾሙ ነው አልኳት። ጾሙ ተፈትቷል ብላ ሳቀችብኝ።

ዛሬ አስካል በደጄ ስታልፍ ጠራኋት። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነበር። ወረቀቱ ተነበበ። ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ ወረቀቱ ጨረሰው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለውን ድሮ የቢሮዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር። እኔ የጻፍኩትን ወረሰች።

«ሲዲውን አስቀምጠሽዋል?» አልኳት።

«ባዶ አይደል እንዴ? በቆሎው ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። ሲያብረቀርቅ ወፍ ይፈራዋል።»

ወፍ አልኩ በሆዴ። የአባቷን ድምፅ ለወፍ። ተንጠልጥሎ ለሁለት ሳምንት ፀሐይ ሲመታው፣ ዝናብ ሲመታው ከርሟል። «አውርጂው» ለማለት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ለምን ብትለኝ ምን እላት ነበር?

ማታ ከመዝጋቴ በፊት የገለበጥኳቸውን ፋይሎች ፈለግኩ። «ሌላ» በሚል ፎልደር ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ በሞላ ቁጥር ዘፈን ሳይቀር የማጠፋ ሰው እነዚህን አላጠፋሁም። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሚያዝያ 9፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ከተማው መሀል ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ሣሩ ላይ ውሃ ተኝቷል፣ ከብቶቹ እየተረማመዱበት ነው። ደንበኛ ጥቂት። አስካልን ገበያ ላይ ከሩቅ አየኋት፣ ማሰሮ ደርድራ። በሌላ መንገድ ዞርኩ።

ሚያዝያ 20፣ ረቡዕ

ከገዘር የመጣ አስተማሪ ፈተና ሊያስባዛ ገብቶ የቦሼ እናት እየባሰባቸው ነው አለ። ልጃቸው በየቀኑ እየመጣች አጥሩ ውጭ ትቀመጣለች፤ ሾርባ ሠርታ በወንድሟ ሚስት እጅ ታስገባለች። «ግን እኮ አባትየው ምንም አልተናገረም፣ በኮምፒውተር ተረጋግጧል» አለኝ። የማን ኮምፒውተር እንደሆነ አያውቅም።

ፈተናውን ሁለት ገጽ ዘልዬ አባዛሁበት። መልሶ አመጣው።

ግንቦት 3፣ ማክሰኞ

ይህን ልጻፈው።

ከሻይ ቤቱ ስመለስ የአብኔር ደጅ ላይ ዝናብ ያዘኝና ጣሪያው ሥር ቆምኩ። ውስጥ ቱርሚ ሆቴል የሚሠራ አስጎብኚ አለ። «ይሄን ፈረንጆች ሰጡኝ፣ የትም አልከፈት አለኝ፣ ተበላሽቷል መሰለኝ» ይለዋል።

አብኔር ሳቀ። «ኦጂጂ ነው እንጂ አልተበላሸም። ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት የተሠራ ዓይነት ነው፤ የምርምር ሰዎች ይወዱታል። የኮምፒውተሩ ማጫወቻ አያውቀውም፣ ሌላ ማጫወቻ መጫን ነው።» ከዚያ የሐመር ጭፈራ ቤቱን ሞላው።

ዝናቡ ሳያባራ ወጣሁ። ሱቄ ስገባ ነጠላዬ ከትከሻዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ግንቦት 4፣ ረቡዕ

መንገዱን ተሻገርኩ። ስምንት እርምጃ ነው። ዓመት የሚፈጅ መስሎኝ ነበር።

«አብኔር፣ ያን ኦጂጂ የሚከፍተውን ነገር በፍላሽ ስጠኝ» አልኩት። ያሾፍብኛል ብዬ ነበር። «እትዬ ወሰንየለሽ፣ ዛሬ ፀሐይ ከየት ወጣች?» አለና ወንበር አወጣልኝ። ቪኤልሲ ነው የሚባለው። መንገድ ሠሪዎቹ የሚተክሉት ብርቱካንማ ቆብ ዓይነት ምልክት አለው። ጭኖ ሰጠኝ፤ ክፍያ አልቀበልም አለ። «እርስዎ አይደሉ እንዴ እኔ ተማሪ እያለሁ ማመልከቻዬን የጻፉልኝ» አለኝ። ረስቼው ነበር። በሁለት ወር ውስጥ አንድ ቀን ብጠይቀው ኖሮ ያኔውኑ ይሰጠኝ ነበር።

በሩን ዘግቼ ጫንኩት። ስሙን ኤምፒ ስሪ ብዬ ያበላሸሁትን ፋይል ነካሁት። ምንም አላንገራገረም።

መጀመሪያ የዶሮ ድምፅ፣ ከዚያ የሰው ሳል፣ ከዚያ ሽማግሌ ሰው። ጎርናና፣ ዝግ ያለ። አሪኛዬ የገበያ ነው፣ ዋጋና ሰላምታ፤ ማር ማር የሚል ብቻ ለየሁ። ምስሉን ከፈትኩ። አቶ ዳርጌ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከኋላቸው እንሰት። እጃቸው ላይ የቢላ ጠባሳ አለ። መጨረሻው አካባቢ መሬት መሬት እያዩ ቆዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው «አስካል» አሉ። ትንሽ ተናግረው ደግመው «አስካል» አሉ።

ሦስት ጊዜ አጫወትኩት። ሦስቱንም ጊዜ ጠርተዋታል።

ነገ እሄዳለሁ።

ግንቦት 5፣ ሐሙስ

የምርጫ ጣቢያ ቅጽ፣ አምስት ሺህ። ዛሬ ካልደረሰ ሌላ ይፈልጋሉ። ነገ።

ግንቦት 7፣ ቅዳሜ

አስካል ገበያ አልወጣችም። እናቷ ጋ ይሆናል፣ አጥሩ ጋ። ብትመጣ እነግራት ነበር። እሷ ካልመጣች ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም።

ከላይ ያለውን አሁን አነበብኩት። የኔ ብቻ ነው።

ግንቦት 10፣ ማክሰኞ

ምርጫው እሁድ ነው። ከዚያ በኋላ በነጋታው እሄዳለሁ። ጣቴ በቀለም ጠቁሯል። ደግሞስ ሄጄ ምን ልላቸው ነው? ያኔ የመረመርኩት አልመረመርኩትም ነበር ልበል? ማህተሜን ከአሁን በኋላ ማን ያምነዋል?

ግንቦት 17፣ ማክሰኞ

ያ አስተማሪ መጣ። የቦሼ እናት ባለፈው ሐሙስ አርፈዋል፤ ግንቦት 12። ተቀብረዋል።

አስካል ከአጥሩ ውጭ አለቀሰች አለኝ። ሬሳው ሲወጣ ነው ያየቻት፣ በጨርቅ ተሸፍና። ያጠበቻት የወንድሟ ሚስት ናት።

ግንቦት 4 ቀን ሰማሁት። ስምንት ቀን ነበረኝ። ስምንት ቀን ስንት እጥበት ይሆናል?

ግንቦት 21፣ ቅዳሜ

አሁን ገና ከገዘር ተመለስኩ። እግሬ ጭቃ ነው፣ ሳልታጠብ ነው የምጽፈው፤ ካሳደርኩት አጣምመዋለሁ።

ለአብኔር ሁሉንም ነገርኩት። ሁሉንም ማለቴ መክፈት አቅቶኝ ባዶ ነው እንዳልኩ። ስለ መጠኑ አልነገርኩትም። ፋይሎቹን ላፕቶፑ ላይ ገልብጦ፣ ባትሪውን ሞልቶ፣ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይዞ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ መጣ። በሚኒባሱ ውስጥ አንድም ቃል አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻል ነበር።

ከሚኒባሱ ወርደን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ሽማግሌዎቹ ሐዘኑ ገና ስላልተነሳ እዚያው ግቢው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘናቸው። አስካልና ባሏ ከመንገዱ ማዶ፣ ለብቻቸው። አሁንም ከአጥሩ ውጭ።

አዲስ ወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። «ቀደም ሲል የተሰጠው ማረጋገጫ ስሕተት መሆኑን እናሳውቃለን» የሚል፣ ማህተም ያረፈበት። ለቦሼ ሰጠሁት። አነበበው። ከኮቱ ኪስ ያንን በላስቲክ የተጠቀለለውን አወጣና ጎን ለጎን ያዛቸው።

«ሁለቱም ያንቺ ማህተም ነው እትዬ» አለ። «የትኛውን ነው የምናምነው?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል የኔን ነው። አብኔር ላፕቶፑን በርጩማ ላይ ከፈተ።

ድምፁ ሲወጣ አንዲት አሮጊት እጇን አፏ ላይ አደረገች። አንድ ሰው «ዳርጌ አይደለም፣ እንደሱ የሚናገር ብዙ አለ» አለ መሰለኝ፣ ሌሎቹ ዞር ብለው አዩት። ያኔ አብኔር ምስሉን ከፈተ። ሰውየው በርጩማቸው ላይ፣ ከኋላቸው ያ እንሰት፣ ጠባሳው፣ ሁሉም። ቦሼ ተቀምጦ ነበር፤ ተነሳ። ልጆች ሊጠጉ ሲሉ አንድ ሽማግሌ በዱላው ከለከላቸው። ያ እኔ ቤት የመጡት ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ስክሪኑ ድረስ አስጠጉ።

«አስካል» የሚለው ጋ ሲደርስ ወደ መንገዱ ማዶ አየሁ። እዚያ ቆማ ሰምታዋለች።

አለቀ። ሽማግሌውን «አባቴ፣ ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። በአማርኛ፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ።

«‹ያን ቀን ተቆጥቼ ነው። አስካል ልጄ ነች። ቃሌን አንስቻለሁ። እናቷ በሕይወት እያለች ትግባ፤ አስካል ትጠባት፤ እጇ ለስላሳ ነው› አለ።»

ቦሼ የመጀመሪያውን ወረቀት፣ ያንን ሐምራዊውን፣ መሬት ላይ አኖረው። አልቀደደውም። አኖረውና አጥሩ በር ላይ የተጋደመውን እንጨት አንድ በአንድ ሳበ። እሱም አባቱን ያከበረ መስሎት ነው እናቱን የበደለው። ያስበደልኩት እኔ ነኝ።

አስካል ገባች። ማንንም ሳታይ ቀጥታ እናቷ ተኝታ የነበረችበት ቤት ገባች። ባዶ አልጋ ነው ያለው። እዚያ ውስጥ ስትናገር ይሰማ ነበር፣ ለቅሶ አይደለም፣ ወሬ ነው የሚመስለው። አብኔር ፊቱን አዙሮ ገመዱን ጠቀለለ።

ግንቦት 28፣ ቅዳሜ

አስካል መጣች። ማሰሮ ይዛ፣ አንገቷ ላይ ነጠብጣብ ያለባት፣ ባሏ የሠራት። «ለአንተ የሚገባ ነው ብሎሃል» አለች፤ አማርኛዋ እንዲህ አንዳንዴ ወንድ ያደርገኛል፣ ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠቻት።

«ክፈቺልኝ» አለች። ከፈትኩላት። ወንበሩን ዛሬ እምቢ አላለችም። ሲያልቅ ሻሿን ዓይኗ ላይ አድርጋ ቆየች።

«እትዬ፣ ያኔም ድምፁ ውስጡ ነበር?»

«ነበር።»

«አንቺ ግን አላወቅሽም።»

ጥያቄ አልነበረም፣ ልታጽናናኝ ነው ያለችው። «አላወቅኩም» አልኳት።

አመነችኝ። «ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ምን ታደርጊ» አለችና እጄን ይዛ ሳመችው። የዚያን እጅ ቀለም ብታውቀው።

ሰኔ 5፣ ቅዳሜ

መጣች። ከፈትኩላት። ሰምታ ሄደች። ማሰሮዋን አየት አድርጋ «አማረብሽ» አለች። አልነገርኳትም።

ሰኔ 9፣ ረቡዕ

እንዲህ ብዬ አስባለሁ፦ ብነግራት ለሷ ምን ይጠቅማታል? እናቷ አትመለስ። ሐዘኗ ላይ ቂም መጨመር ነው። ዝም ማለት ለሷ መልካም ነው።

ለሷ ነው እንዴ?

አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቃል በር ዘግቶባታል። አባቷ እንኳ፣ ያን ያህል ኩሩ ሰው፣ ፈረንጅ ፊት፣ ማይክ ፊት «ተቆጥቼ ነው» ብሎ መለሰው። እኔ የወረዳ ጸሐፊ የነበርኩት፣ ስሕተት አይገኝባትም የምባለው፣ ስልሳ ሁለት የምትል ቁጥር ከጉሮሮዬ ማውጣት አቅቶኛል።

ሰኔ 12፣ ቅዳሜ

ገበያ ከተበተነ በኋላ መጣች። ሰው አልነበረም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና እንደ ልማዷ ስክሪኑን ጠበቀች።

«አስካል፣ ሳልከፍት የምነግርሽ አለ» አልኳት። «ያኔ ባዶ አለመሆኑን አይቼ ነበር። ፋይል ክብደት አለው፣ ኮምፒውተሩ ያሳያል። ስልሳ ሁለት ይል ነበር። ነገር እንዳለበት ገብቶኛል። መክፈት አለመቻሌ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ነው ባዶ ነው ያልኩት። ደግሞ ከሰማሁት በኋላም እናትሽ በሕይወት ነበረች። ስምንት ቀን አቆየሁት።»

በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገርኩት። ይቅርታ የሚለውን ቃል አዘጋጅቼው ነበር፤ ፊቷን ሳይ አላወጣሁትም። ለኔ እንዲቀልለኝ የምላት መሰለኝ።

ውጭ ሚኒባስ ገዘር፣ ገዘር እያለ ይጣራ ነበር።

«ክፈቺው» አለች።

ከፈትኩት። አቶ ዳርጌ መሬት መሬት አዩ፣ ቀና አሉ፣ ጠሯት። እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ዶሮዋ ጮኻ እስክታበቃ ድረስ። ከዚያ ፍላሽ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የአብኔር ሱቅ ወረቀት ተለጥፎበታል። «እዚህ ላይ አድርጊልኝ» አለች። ገለበጥኩላት፣ ሁለቱንም። ስማቸውንም እንደ ድሮው መለስኩላቸው።

ፍላሹን በሻሿ ጠቀለለች፣ ጉያዋ ከተተች። ተነሳች። ማሰሮዋን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስታ፣ አቧራዋን በእጇ ጠርጋ፣ ይዛት ወጣች። አልተቆጣችም፣ አልተራገመችም። የሷ ነበረች፤ ወሰደቻት።

ጠረጴዛው ላይ ማሰሮዋ የነበረችበት ቦታ ክብ ምልክት ቀርቷል። እስካሁን አልወለወልኩትም።